ሊማሊሞን የሚሻገር ወረቀት፦ ሐኪም ለውጭ አገር ሥራ የሚያደርገው ዝግጅት

ሐኪም በሌላ አገር ለመሥራት የሚያደርገው ዝግጅት በዋናው ምስክር የማሰባሰብ ሥራ ነው። ሕክምናውን ዓመታት ተምሮታል፤ ሌሊት ተጠርቶ ሠርቶበታል። ተቀባዩ አገር ግን ሐኪሙ ማወቅ አለማወቁን ከሐኪሙ አፍ አይሰማም። ያስተማረውን ዩኒቨርሲቲ፣ ፈቃድ የሰጠውን መሥሪያ ቤት፣ ያሠራውን ሆስፒታል፣ ቋንቋውን የፈተነውን ድርጅት ይጠይቃል። ከእነዚህ አንዱ ካልመለሰ፣ ወይም የአንዱ ቃል ከሌላው ጋር ካልገጠመ፣ ጉዳዩ ባለበት ይቆማል።

ከጎንደር ወደ ሰሜን የሚወጣው መንገድ ዳባትን አልፎ ደባርቅ ይደርሳል። ከደባርቅ ቀጥሎ ሊማሊሞ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን ገደሉ ተጠርቦ የተሠራው ጠመዝማዛ መንገድ ደጋውን ለቆ ወደ ዛሪማና ወደ አዲ አርቃይ ቆላ ይወርዳል። በዚህ መሥመር የሚሠራ ጠቅላላ ሐኪም በአንድ ሳምንት ውስጥ ከዛሪማ በወባ ትኩሳት እየነደደ የመጣ ገበሬ፣ ከሁመራና ከመተማ የቀን ሥራ ሆዱ ተነፍቶ የተመለሰና ካላዛር የሚጠረጠርበት ወጣት፣ ቁንጭር ፊቱን የበላው የደጋ ልጅ፣ ምጥ የጠናባት እናት ሊያይ ይችላል። ይህ ሰፊ ልምድ ነው። ሆኖም በማኅተምና በፊርማ ተጽፎ ካልተያዘ ከሊማሊሞ ማዶ የሚያየው የለም።

የጎንደር የሕክምና ትምህርት ራሱ ሲጀመር ዓላማው ለዚህ አገር ባለሙያ ማውጣት ነበር። በደንቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ከፈጀ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1954 የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተከፈተ። የገጠር ጤና ጣቢያ የሚመሩ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችን ያሠለጥን ነበር። ሐኪም ማሠልጠን የተጀመረው በ1970ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ.፣ በጊዜው ምሥራቅ ጀርመን ከነበረው ከላይፕዚግ የካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገ ትብብር ነው። ስለዚህ ከጎንደር ተመርቆ ዛሬ ወደ ጀርመን ወይም ወደ ብሪታንያ ለመሄድ የሚዘጋጅ ሐኪም ለዚህ አገር ከተቀረጸ ትምህርት ተነሥቶ ለሌላ ሥርዓት ራሱን ያዘጋጃል። ሁለቱን የሚያገናኘው ድልድይ ደግሞ መዝገብ ነው።

የመጀመሪያው ሥራ ወረቀቶቹን ባሉበት ቦታ ሳሉ መሰብሰብ ነው። ዋናው ዲግሪ፣ ትራንስክሪፕት ወይም በተለምዶ ስቱደንት ኮፒ የሚባለው የውጤት ዝርዝር፣ የአንድ ዓመት የኢንተርንሺፕ ማስረጃ፣ የሙያ ፈቃድ፣ ከእያንዳንዱ ሆስፒታል የሥራ ልምድ ደብዳቤ፣ የልደት የምስክር ወረቀት፣ ፓስፖርትና ከፌዴራል ፖሊስ የሚሰጥ ከወንጀል ነጻ የምስክር ወረቀት የሁሉም መሠረት ናቸው። ጋብቻ ካለ የጋብቻ፣ ልጅ ካለ የልጅ ልደት ማስረጃ ይጨመራል። በአማርኛ የተጻፈው ይተረጎማል፣ በሰነዶች ማረጋገጫ መሥሪያ ቤት ይረጋገጣል፣ እንደ ተቀባዩ አገር ጥያቄም በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በኤምባሲ ማኅተም ያልፋል።

የሥራ ልምድ ደብዳቤ ብዙ ጊዜ ሦስት መሥመር ሆኖ ይጻፋል፤ ባለሙያው ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን በጠቅላላ ሐኪምነት ሠርቷል ይልና ያበቃል። ለውጭ አገር የሚሆነው ግን ዘርዘር ማለት አለበት። በየትኛው ክፍል ምን ያህል ጊዜ እንደቆየ፣ ሙሉ ጊዜ መሥራቱን፣ ማን ይቆጣጠረው እንደነበር፣ የተረኝነት ድርሻውን ያሳያል። በውስጥ ደዌ፣ በቀዶ ሕክምና፣ በማሕፀንና ጽንስ፣ በሕፃናት ክፍል የሠራበት ወቅት ተለይቶ ሲሰፍር ጠያቂው አካል ተጨማሪ ማብራሪያ ለመፈለግ ምክንያት አይኖረውም። ይህን ደብዳቤ ማስጻፍ የሚቀለው ሐኪሙ ገና በሥራ ላይ ሳለ፣ የሚያውቁት ሜዲካል ዳይሬክተርና የሰው ኃይል ኃላፊም ከወንበራቸው ሳይነሡ ነው።

መዝገብ ሊጠፋም ይችላል። በ2013 ዓ.ም. ክረምት የሰሜኑ ጦርነት ወደ አዲ አርቃይ፣ ወደ ዛሪማና ዳባት አጠገብ ወዳለችው ጭና በደረሰ ጊዜ፣ ከዚያም በኋላ በነበሩት ወራት፣ በአማራ ክልል ብዙ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፤ ወድመዋል። መድኃኒትና አልጋ ሲጠፋ የሰው ኃይል ፋይልም አብሮ ይጠፋል። ከእንዲህ ያለ ተቋም ልምዱን ለማስመስከር የሚፈልግ ሐኪም በእጁ ያሉትን የቅጥር፣ የዝውውርና የደመወዝ ወረቀቶች ይዞ ወደ ወረዳ ወይም ወደ ዞን ጤና መምሪያ ይሄዳል። የእያንዳንዱን ሰነድ ጥራት ያለው ቅጂ በወረቀትም በኢንተርኔት ማከማቻም ማስቀመጥ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ሐኪሙ በእጁ የያዘው ዲግሪ፣ ማኅተሙ የቱንም ያህል ቢደምቅ፣ ለብዙዎቹ አገሮች በቂ ማስረጃ አይደለም። የሚፈለገው ከምንጩ የተገኘ ማረጋገጫ ነው። ለአሜሪካና ለብሪታንያ ይህን የሚሠራው ኢ.ሲ.ኤፍ.ኤም.ጂ. የሚባለው የአሜሪካ ተቋም ሲሆን፣ አሠራሩ ኤፒክ ይባላል። ለባሕረ ሰላጤው አገሮች ደግሞ ዳታፍሎው የተባለ ድርጅት አለ። ሐኪሙ የሰነዱን ቅጂ ያስገባል፤ አጣሪው ሰነዱን በቀጥታ ለዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር ወይም ለፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ልኮ ትክክል መሆኑን ይጠይቃል። መልሱ በሐኪሙ እጅ አያልፍም። ሬጅስትራሩ ጥያቄው የመጣበትን ኢሜይል ካልከፈተ ወራት ያልፋሉ። ስለሆነም ጥያቄው ከመላኩ በፊት በዩኒቨርሲቲው ውስጥ ለእንዲህ ያለ ጥያቄ መልስ የሚሰጠው የትኛው ቢሮ እንደሆነ አጣርቶ ማወቅ፣ ከተላከም በኋላ በአካል ሄዶ መከታተል የዝግጅቱ አካል ነው። ሐሰተኛ ሰነድ በዚህ ወንፊት አያልፍም፤ የተያዘበት ሐኪም ስሙ ተመዝግቦ ከሌላውም አገር ደጅ ሊመለስ ይችላል።

‹ጉድ ስታንዲንግ› የሚባለው የመልካም ስም ማረጋገጫም በዚሁ መንገድ ያልፋል። ሐኪሙ ፈቃዱ የጸና መሆኑንና በሥነ ምግባር ጥፋት ያልታገደ መሆኑን ፈቃድ ሰጪው አካል ይመሰክራል። ይህ ወረቀት ዕድሜው አጭር ነው። የብሪታንያው የሕክምና ምክር ቤት ከተሰጠ ሦስት ወር ያለፈውን አይቀበልም። ቀድሞ ማውጣት ስለማይጠቅም ከሌሎቹ ሁሉ በኋላ፣ ማመልከቻው ሊገባ ሲል ይወጣል።

ከሰነድ ቀጥሎ ኢትዮጵያውያንን በተለይ የሚያስቸግር ነገር አለ፤ ስምና ቀን። ኢትዮጵያዊ የቤተሰብ ስም የለውም። የራሱን፣ የአባቱንና የአያቱን ስም ይዞ ይኖራል። የውጭ አገር ቅጽ ግን መጠሪያ ስምና የቤተሰብ ስም ብሎ ሁለት ሳጥን ይሰጣል። አንዱ ሰነድ የአባትን ስም፣ ሌላው የአያትን ስም በቤተሰብ ስም ቦታ ካስቀመጠ ለአጣሪው ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። የላቲን ፊደል አጻጻፉም እንዲሁ ነው። ጸጋዬ የሚለውን ስም አንዱ በ‹ቲ› እና በ‹ኤስ›፣ ሌላው በ‹ቲ› እና በ‹ዜድ› ይጀምረዋል፤ ኃይሉን አንዱ በ‹አይ›፣ ሌላው በ‹ዋይ› ይጽፈዋል። መፍትሔው በፓስፖርቱ ላይ ያለውን አጻጻፍ መነሻ አድርጎ ዲግሪው፣ ፈቃዱ፣ የሥራ ደብዳቤውና የፈተና ምዝገባው ሁሉ ፊደል በፊደል እንዲመሳሰሉ ማድረግ ነው። የማይስተካከል ልዩነት ካለ ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚገልጽ ሕጋዊ ማረጋገጫ ይወጣል።

የስም ነገር ታሪክም አለው። በምዕራባውያን የሕክምና ትምህርት የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሐኪም ተብለው የሚታወቁት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ የጎንደር ተወላጅ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ ጦርነት በኋላ ገና በልጅነታቸው ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ ሕንድ ተወሰዱ፤ ስማቸውም ካሳደጓቸው የእንግሊዝ መኮንኖች ስም ተወስዶ ቻርልስ ማርቲን ተባለ። በላሆር ሕክምና ተምረው፣ በስኮትላንድ ትምህርታቸውን ቀጥለው በበርማ በሐኪምነት አገለገሉ። ከዐድዋ ድል በኋላ ወደ ኢትዮጵያ ሲመለሱ አያታቸው በሰውነታቸው ላይ ባለ ጠባሳ ለይተው እንዳወቋቸው ይነገራል። ለእርሳቸው ጠባሳው ምስክር ሆነ። የዛሬው ሐኪም እንዲህ ያለ ምስክር ስለማያገኝ ሥራውን አስቀድሞ በፓስፖርቱና በዲግሪው ላይ ይሠራል።

ቀንም ጥንቃቄ ይፈልጋል። የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ከአውሮፓውያኑ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ድረስ በ7 ዓመት፣ ከዚያ ወዲያ እስከ ጳጉሜን በ8 ዓመት ይለያል። በጥቅምት 1980 ዓ.ም. የተወለደ ሰው በአውሮፓውያኑ የ1987 ልጅ ነው፤ በዚያው ዓመት ጥር ወር መጨረሻ የተወለደው ግን የ1988 ነው። በችኮላ ሁሉም ላይ 8 ደምሮ የሚጽፍ ሰው በልደት ወረቀትና በፓስፖርት መካከል የአንድ ዓመት ልዩነት ይፈጥራል። የምረቃና የቅጥር ቀኖችም በትርጉም ጊዜ እንዲሁ ይዛባሉ። በሥራ ልምድ ደብዳቤ ላይ ያለው የመጀመሪያ ቀን ከምረቃው ቀን ቀድሞ ከተገኘ አጣሪው ሊጠረጥር ይገባዋል።

በአገር ውስጥ ያለ ግዴታም መጠናቀቅ አለበት። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሐኪም የወጪ መጋራት ዕዳ አለበት፤ በክልል ወይም በተቋም ስፖንሰርነት ስፔሻሊቲ የተማረ ደግሞ ለተወሰኑ ዓመታት የማገልገል ውል ይፈርማል። ዕዳው ሳይከፈል ወይም ውሉ ሳይፈጸም ዋናው ዲግሪና የትምህርት ማስረጃው በቀላሉ አይለቀቅም። ዕዳው ስንት እንደሆነ፣ በደመወዝ ተቀናሽ ምን ያህል እንደተከፈለ፣ ውሉ ምን እንደሚል በመጀመሪያው ወር ማጣራት ኋላ ከሚመጣ መደናገጥ ያድናል። ሥራ ሲለቀቅ ክሊራንስ የሚባለው የንብረት ርክክብና የመልቀቂያ ደብዳቤም አብሮ ይያዛል።

ቋንቋ ሌላው ምስክር ነው። ኢትዮጵያዊ ሐኪም ትምህርቱን በእንግሊዝኛ ይማራል፤ የሕሙማን ካርድም በእንግሊዝኛ ይጽፋል። ከሕመምተኛው ጋር የሚነጋገረው ግን በአማርኛ ወይም በሌላ የአገሩ ቋንቋ ነው። ደባርቅ ላይ አንዲት እናት ‹ምች መታኝ›፣ ‹ውጋት ያዘኝ›፣ ‹ቁርጥማት አላስቀምጥ አለኝ› ስትል ሐኪሙ ያንን ሰምቶ በልቡ ወደ ሕክምና ቋንቋ ይመልሰዋል። ይህ ችሎታ ከዓመታት ልምድ የመጣ ነው። በማንችስተር ወይም በቺካጎ ያለ ሕመምተኛም የራሱ አነጋገር አለው፤ ሕመሙን በመማሪያ መጽሐፍ ቃል አይናገርም። በዚህ ምክንያት መጽሐፍ በእንግሊዝኛ አንብቦ የሚረዳ ሐኪም በእንግሊዝኛ ሲያጽናና፣ ሲጠይቅ፣ ቀስ ብሎ ሲያስረዳ ይንገዳገዳል።

ለብሪታንያ ሁለት ዋና የቋንቋ ፈተናዎች ተቀባይነት አላቸው። አንዱ አካዳሚክ አይ.ኢ.ኤል.ቲ.ኤስ. ሲሆን በአጠቃላይ 7.5፣ በእያንዳንዱ ክፍል ቢያንስ 7 ይጠየቃል። ሁለተኛው ኦ.ኢ.ቲ. የሚባለው፣ ለጤና ባለሙያዎች የተዘጋጀው ፈተና ነው። ማዳመጥ፣ ማንበብ፣ መጻፍና መናገር አለው፤ መጻፉ ለሌላ ባለሙያ የሪፈር ደብዳቤ መጻፍ፣ መናገሩም ከሕመምተኛ ጋር መነጋገር ነው። አሜሪካም ኦ.ኢ.ቲ.ን ትጠይቃለች። ውጤቱ ሁለት ዓመት ገደማ ስለሚያገለግል ከሌሎቹ ፈተናዎች ጋር ተቆጥሮ መወሰድ አለበት።

አገር መምረጥ የሚገባው እነዚህ መሠረቶች ከታወቁ በኋላ ነው፤ የእያንዳንዱ አገር መንገድ የተለየ ርዝመትና የተለየ ወጪ አለውና።

የብሪታንያው መንገድ ፕላብ በሚባል ፈተና ያልፋል። የመጀመሪያው ክፍል በሦስት ሰዓት ውስጥ የሚሠሩ 180 የምርጫ ጥያቄዎች ያሉት የጽሑፍ ፈተና ሲሆን ከብሪታንያ ውጭም ይሰጣል። ሁለተኛው ክፍል ማንችስተር ላይ ብቻ ነው። ተፈታኙ ሕመምተኛ መስለው ከሚቀርቡ ተዋንያን ጋር በተለያዩ ክፍሎች እየተዘዋወረ ይነጋገራል፤ ይመረምራል። ለዚህ ጉዞ ቪዛ፣ አውሮፕላንና ማረፊያ ስለሚያስፈልግ ወጪው ከፈተናው ክፍያ በላይ ይሄዳል። ሁለቱን አልፎ የተመዘገበ ሐኪም ሥራ በራሱ ይፈልጋል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ለአንድ ክፍት ቦታ የሚያመለክተው ሰው እጅግ ስለበዛ፣ ተመዝግበው ወራት ሥራ ሲፈልጉ የሚቆዩ አሉ። መመዝገብና መቀጠር ሁለት የተለያዩ ደጆች መሆናቸውን ከመጀመሪያው ማወቅ ያስፈልጋል።

የአሜሪካው መንገድ ከሁሉም የረዘመ ነው። ቀድሞ ስፔሻሊስት የሆነ ሐኪም እንኳ ብዙውን ጊዜ ሬዚደንሲ የሚባለውን የስፔሻሊቲ ሥልጠና እንደገና ከመጀመሪያው ይገባል። ዩ.ኤስ.ኤም.ኤል.ኢ. ከሚባለው ፈተና ስቴፕ 1 መሠረታዊ ሳይንስ ላይ፣ ስቴፕ 2 ሕክምናው ላይ ያተኩራሉ። ስቴፕ 1 እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ውጤቱ በቁጥር መነገሩ ቀርቶ ማለፍና መውደቅ ብቻ ሆኗል፤ በዚህም የተነሣ የስቴፕ 2 ነጥብ ክብደቱ ጨምሯል። ፈተናዎቹንና የሰነድ ማጣራቱን የጨረሰ ሐኪም የኢ.ሲ.ኤፍ.ኤም.ጂ. ሰርተፊኬት ያገኛል። ለሬዚደንሲ ማመልከቻ የሚገባበት ጊዜ በእኛ መስከረም ላይ ይውላል። ቃለ መጠይቁ በመኸርና በበጋ ወራት ይካሄዳል፣ የምደባው ውጤት በመጋቢት ይታወቃል፣ ሥራው ሰኔ ማብቂያ ላይ ይጀመራል። ስለዚህ አንድ ወረቀት በመስከረም ቢጎድል የሚጠፋው ሙሉ ዓመት ሊሆን ይችላል።

የአሜሪካ ማመልከቻ የድጋፍ ደብዳቤም ይፈልጋል፤ ከእነዚያም መካከል አሜሪካ ውስጥ ከሚሠሩ ሐኪሞች የተጻፈው ይበልጥ ይታያል። የምርምር ተሳትፎም ዋጋ አለው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ዳባት ላይ የሕዝብ ጤና ክትትል ምርምር ጣቢያ አለው፤ ጎንደር ላይም የካላዛር ሕክምናና ምርምር ማዕከል አለ። በእንዲህ ያለ ሥራ ተሳትፎ ስሙ በታተመ ጥናት ላይ የወጣ ሐኪም የቆላውን ሕመም የሚያውቅበትን ልምድ ሌላው ዓለም በሚያነበው መልክ አስመስክሯል ማለት ነው።

አብዛኛው የውጭ ሬዚደንት የሚገባው ጄ-1 በሚባለው ቪዛ ነው። ለዚህ ቪዛ ከአገሩ ጤና ሚኒስቴር ሐኪሙ በሚማረው ሙያ አገሪቱ ባለሙያ እንደሚያስፈልጋት የሚገልጽ ደብዳቤ ይጠየቃል። ሥልጠናው ሲያልቅም ሁለት ዓመት በአገሩ መኖር ግዴታው ነው። ከዚህ ነጻ የሚያወጣው አንዱ መንገድ ኮንራድ 30 ይባላል፤ እያንዳንዱ ግዛት በዓመት እስከ 30 ሐኪሞችን ሐኪም በሚያጥርበት አካባቢ ሦስት ዓመት እንዲሠሩ ያስቀራል። ኤች-1ቢ የሚባለው ሌላው ቪዛ ከዩ.ኤስ.ኤም.ኤል.ኢ. ስቴፕ 3ን ቀድሞ ማለፍን ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 ደግሞ በአሜሪካ በወጣ አዋጅ ለአዲስ ኤች-1ቢ ማመልከቻ የ100 ሺህ ዶላር ክፍያ ተጥሎበታል። የቪዛ ሕግ በአንድ ሌሊት ሊለወጥ እንደሚችል ይህ በቂ ማሳያ ነው።

ጀርመን የምትጠይቀው በቅድሚያ ቋንቋ ነው። አጠቃላይ ጀርመንኛ እስከ ቢ2 ደረጃ፣ ከዚያም በሲ1 ደረጃ የሕክምና ጀርመንኛ ፈተና አለ። ፈተናው ሕመምተኛ መጠየቅን፣ ሪፖርት መጻፍንና ከሌላ ሐኪም ጋር መነጋገርን ይይዛል። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የተማረ ሐኪም ትምህርቱ ከጀርመኑ ጋር ይነጻጸራል፤ ጎድሎ ከተገኘ የዕውቀት ፈተና ይወስዳል። ጉዳዩን የሚያየው የእያንዳንዱ ክፍለ ግዛት ባለሥልጣን ስለሆነ፣ 16ቱ ክፍለ ግዛቶች የሚጠይቁት ሰነድ በመጠኑ ይለያያል። ቋንቋውን ከባዶ ለሚጀምር ሐኪም ከሥራ ጎን ለጎን አንድ ዓመት ተኩል ወይም ሁለት ዓመት መመደብ ብልህነት ነው። አዲስ አበባ የሚገኘው ጎተ ኢንስቲትዩት ቋንቋውን ያስተምራል፤ ይፈትናልም። ደባርቅ ላለ ሐኪም ግን ይህ የመኖሪያ ቦታ ጥያቄም ያስከትላል።

የባሕረ ሰላጤው አገሮች አጠር ያለ መንገድ አላቸው። ሰነድ በዳታፍሎው ይጣራል፣ በኮምፒውተር የሚሰጥ የሙያ ፈተና ይወሰዳል፣ ከዚያ ቀጣሪ ሆስፒታል ፈቃዱን ያስጨርሳል። በሳውዲ አረቢያ ጉዳዩን የሚያየው የጤና ስፔሻሊቲዎች ኮሚሽን ነው፤ በተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ዱባይና አቡ ዳቢ የየራሳቸው ፈቃድ ሰጪ አላቸው። እዚያ ግን ሐኪሙ የሚመዘገብበት የማዕረግ ደረጃ ደመወዙንም ሥራውንም ስለሚወስን፣ ውሉ ላይ ስፔሻሊስት ወይስ ጠቅላላ ሐኪም ተብሎ እንደተጻፈ ሳያዩ መፈረም አይገባም።

ፈተናን ካለፉ በኋላ የሚቀረው የአሠራር ልዩነት ነው። በሰሜን ተራሮች ግርጌ ያለ ሐኪም ወባን፣ ሳንባ ነቀርሳን፣ የወሊድ ችግርን፣ የእባብ ንክሻን ያውቃል፤ መሣሪያ በጎደለበት በእጁና በዓይኑ መርምሮ ይወስናል። በበለጸጉ አገሮች ዎርዱን የሚሞላው በአብዛኛው ብዙ ሕመም የተደራረበበት አዛውንት ነው፤ የመርሳት በሽታ፣ የልብ ድካም፣ የስኳር በሽታ ውስብስብ ችግር፣ የአእምሮ ሕመም። ሥራው ሁሉ በኮምፒውተር ይመዘገባል፤ ያልተጻፈ ነገር እንዳልተደረገ ይቆጠራል።

ከሁሉ የሚለየው ግን ከሕመምተኛ ጋር ያለው ግንኙነት ነው። በአገራችን ክፉ ዜና ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚነገረው ለቤተሰብ ነው። ሽማግሌው ካንሰር እንዳለባቸው ልጆቻቸው ያውቃሉ፤ እርሳቸው ‹ሆድዎ ትንሽ ቆስሏል› ተብለው ይመለሳሉ። በብሪታንያም በአሜሪካም ሕመምተኛው ራሱ ካልፈቀደ ለልጁ እንኳ መናገር ስሕተት ነው፤ ፈተናውም ይህንኑ ይፈትናል። ሐኪሙ ተቀምጦ፣ ሕመምተኛው ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልግ ጠይቆ፣ ነገሩን ቀስ በቀስ ይነግራል፤ ዝም ሲባልም ዝምታውን ይታገሣል። አገር ቤት ልመና ወይም ምክር የሚመስለው ‹ይህን ያድርጉ› ማለትም እዚያ ምርጫዎችን አስረድቶ ውሳኔውን ለሕመምተኛው መተው ይሆናል። ይህን ለመለማመድ ከሁለት ወይም ከሦስት ጓደኞች ጋር ሆኖ አንዱ ሕመምተኛ፣ አንዱ ሐኪም፣ አንዱ ታዛቢ ሆኖ በየሳምንቱ መነጋገር ከመጽሐፍ ይልቅ ይረዳል።

ገንዘብና ጊዜ አብረው ይታቀዳሉ። የፈተና፣ የሰነድ ማጣሪያና የቪዛ ክፍያ በዶላር፣ በፓውንድ ወይም በዩሮ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር አካባቢ ይመነዘር የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በብር ደመወዝ የሚኖር ሐኪም የፈተና ክፍያው በአንድ ክረምት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም ነበር። ብዙዎች ዕቁብ ይገባሉ፣ ከዘመድ ይበደራሉ፣ ክፍያውን ውጭ ያለ ዘመድ በካርዱ እንዲከፍል ያደርጋሉ። ክፍያውን በአንድ ጊዜ ከመጫን ይልቅ በቅደም ተከተል መክፈል ይሻላል። ሰነድ ማጣሪያና ቋንቋ ቀድመው፣ የጽሑፍ ፈተና ተከትሎ፣ ጉዞ የሚጠይቀው ፈተና መጨረሻ ላይ ቢመጣ፣ አንዱ ደረጃ ካልተሳካ የቀጣዩ ገንዘብ አይባክንም።

የኢንተርኔት ነገርም በጊዜ ዕቅዱ ውስጥ ይገባል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። ምዝገባና የቃለ መጠይቅ ቀጠሮ ሁሉ በኢሜይል በሚመጣበት ሥራ፣ እንዲህ ባለ ጊዜ ጎንደር ወይም አዲስ አበባ ያለ የታመነ ሰው ኢሜይሉን እንዲከታተል ማድረግ፣ የመጨረሻ ቀኖችንም ሳይጠብቁ ቀደም ብሎ መመዝገብ አስፈላጊ ሆኖ ታይቷል።

የሐኪም ፍልሰት አገርንም ይነካል። የዓለም ጤና ድርጅት አባል አገሮች እ.ኤ.አ. በ2010 የጤና ባለሙያዎችን ስለ መቅጠር የሥነ ምግባር ደንብ አጽድቀዋል። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ዝርዝር የጤና ሠራተኛ እጥረታቸው የጎላ 55 አገሮች ተለይተዋል፤ ኢትዮጵያ አንዷ ናት። በብሪታንያ አሠራር መሠረት ቀጣሪዎች ከእነዚህ አገሮች ገብተው ሐኪም መመልመል አይፈቀድላቸውም፤ ሐኪሙ በራሱ ተነሣሽነት ማመልከት ግን አልተከለከለም። ከዚህም የሚከተል ማስጠንቀቂያ አለ። ለብሪታንያ ሆስፒታል ሐኪም እመለምላለሁ ብሎ ኢትዮጵያ ውስጥ ገንዘብ የሚሰበስብ ደላላ ቢገኝ፣ ሕጋዊነቱ አጠራጣሪ ነው።

ሐኪሞች ለምን እንደሚሄዱም የታወቀ ነው። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች የደመወዝና የጥቅማ ጥቅም ጥያቄ አንሥተው በብዙ ሆስፒታሎች ሥራ እስከ ማቆም ደርሰው ነበር። ሕመምተኛው ግን በዚያው ቦታ ይቀራል። ለሐኪሙ የመልቀቂያው ወቅትም በሥርዓት መሆን ያለበት ለዚህ ነው። ሕጉ የሚጠይቀውን የማስጠንቀቂያ ጊዜ መስጠት፣ በክትትል ላይ ያሉ ሕሙማንን ስምና ሁኔታ በጽሑፍ ለተተኪው ማስረከብ፣ ከዛሪማ ድረስ ሊማሊሞን ወጥቶ ለቀጠሮ የሚመጣውን ሰው ማን እንደሚያየው አስቀድሞ መወሰን ያስፈልጋል። ኋላ የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፈው፣ ለአጣሪው የሚመልሰውም ይኸው የለቀቀው ሆስፒታል ነው።

ቤተሰብም ይዘጋጃል። የትዳር ጓደኛና ልጆች አብረው ይሄዱ ወይስ ይቆዩ፣ ለወላጆች ማን ይላክ፣ ዕድሩ በማን ስም ይቀጥል የሚሉት ከመነሣቱ በፊት ይመለሳሉ። ውክልና ለታመነ ሰው መስጠት፣ ውጭ ሆኖ የሚጎድል ወረቀት ሲገኝ ከጎንደርና ከአዲስ አበባ የሚያወጣ ሰው እንዲኖር ያደርጋል።

በመጨረሻ የመመለሻው መንገድ ክፍት ሆኖ ይቀመጣል። የኢትዮጵያ የሙያ ፈቃድ በየጊዜው የሚታደስ ነው፤ ለዕድሳቱም ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ሥልጠና ይጠየቃል። ውጭ ያለ ሐኪም ፈቃዱ እንዲያልፍበት ከተወ፣ ተመልሶ ለመሥራት ሲፈልግ እንደገና ምስክር ፍለጋ ይጀምራል። በአጭር ጊዜ ተመልሶ ማስተማርና ቀዶ ሕክምና ማድረግ የሚፈልጉም ብዙ ናቸው፤ በውጭ ያሉ ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1999 ያቋቋሙት ፒፕል ቱ ፒፕል የተባለ ድርጅት ይህን ከሚያስተባብሩት አንዱ ነው። ሐኪም ወርቅነህም ከላሆር፣ ከስኮትላንድና ከበርማ በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። ዛሬ ለመሄድ የሚዘጋጅ ሐኪም በአቃፊው ውስጥ ከውጭ አገር ሰነዶች ጋር የኢትዮጵያ ፈቃዱን ዋና ቅጂ፣ የዕድሳቱን ቀን፣ የሆስፒታሉን የሥራ ልምድ ደብዳቤ አኑሮ ይጓዛል።